አምስት ዋንጫና አንድ የእጅ አንጓ፦ የናይጄሪያ ታዳጊ ቡድን መዝገብ እንዴት ይነበባል?

ናይጄሪያ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን 5 ጊዜ ወስዳለች። በዚህ የዕድሜ እርከን የሚስተካከላት የለም፤ ብራዚል እንኳ ያላት 4 ነው። ይህን ቁጥር ኳስ ወዳዶች በተሰበሰቡበት ያነሣ ሰው ሁለት ዓይነት መልስ ይጠብቀዋል። አንደኛው «አፍሪካ ተሰጥኦ ሞልቷታል፣ የጎደላት አስተዳደር ነው» የሚል ቁጭት ነው። ሁለተኛው ከሳቅ ጋር የሚመጣ ነው፤ «ሚስትና ልጅ ያላቸውን አሰልፈው ለምን አያሸንፉ!» የሚል። ሁለቱም ጥቂት እውነት አላቸው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገራቸው ሰው መዝገቡን ገልጦ አላየም። እስቲ እንግለጠው፤ ስለ ዕድሜው ጉዳይና በእጅ አንጓ ስለሚደረገው የዕድሜ ምርመራም በቦታው እንመለስበታለን። ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውድድሩ የተጀመረው በ1985 በቻይና ነው። ያኔ የዕድሜ ጣሪያው 16 ዓመት ነበር፤ ወደ 17 ከፍ ያለው በ1991 ነው። 16 ቡድኖች በተካፈሉበት በዚያ የመጀመሪያ ውድድር ናይጄሪያ ቤጂንግ ላይ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ግቦቹን ጆናታን አክፖቦሪና ቪክቶር ኢግቢኖባ አስቆጠሩ። አምበሉ ንዱካ ኡግባዴ ዋንጫውን ከፍ ሲያደርግ፣ ፊፋ ባዘጋጀው የዓለም ውድድር ላይ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነበር። በአዋቂዎች የዓለም ዋንጫ ላይ አንድም አፍሪካዊ ቡድን ሩብ ፍጻሜ ባልደረሰበት ዘመን የሆነ ነገር ነው። ቡድኑን ያዘጋጀው ሴባስቲያን ብሮድሪክ ኢማሱዌን የተባለ አሰልጣኝ ነበር። የኡግባዴን ስም ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው ይመለሳል።

የቀረውን በሩጫ እንለፈው። በ1987 ካናዳ ላይ በፍጻሜው ከሶቪየት ኅብረት ጋር 1 ለ 1 ተለያይታ በመለያ ምት ተሸነፈች፤ የውድድሩ ኮከብ ግን የእርሷ ልጅ ፊሊፕ ኦሶንዱ ሆነ። በ1993 ቶኪዮ ላይ ጋናን 2 ለ 1 ረታች፤ ሁለት አፍሪካውያን በፊፋ ውድድር ፍጻሜ ሲገናኙ ያ የመጀመሪያው ነበር። በ2001 ትሪኒዳድ ላይ ፈረንሳይ 3 ለ 0 አሸነፈቻት። በ2007 ሴኡል ላይ ስፔንን በመለያ ምት አሸንፋ ሦስተኛ ዋንጫዋን አገኘች። በ2009 በገዛ ሜዳዋ አቡጃ ላይ በስዊዘርላንዱ ሐሪስ ሴፌሮቪች ብቸኛ ግብ ተሸነፈች። በ2013 አቡ ዳቢ ላይ ሜክሲኮን 3 ለ 0፣ በ2015 ቺሊ ላይ ማሊን 2 ለ 0 አሸንፋ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ዋንጫ አነሣች።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ መቁጠር ይጠቅማል። ከ1985 እስከ 2025 ውድድሩ 20 ጊዜ ተካሂዷል፤ የ2021ዱ በኮሮና ምክንያት ተሰርዟል። ናይጄሪያ ከ20ው የተገኘችው በ12ቱ ነው። ከ12ቱ ደግሞ በ8ቱ ለፍጻሜ ደርሳለች! ከቀሩት 4 ውድድሮች በምድብ ጨዋታ የወደቀችው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2003 ፊንላንድ ላይ ነው። በሌላ አነጋገር ይህ ቡድን ወደ ዓለም ዋንጫው ከገባ እስከ መጨረሻው ይጓዛል፤ አለበለዚያ ጭራሹኑ አይገባም። መካከለኛ የሚባል ውጤት እምብዛም የለውም። በአፍሪካ ደረጃ ያለው መዝገብ ይህን ያጠናክራል፤ የአህጉሩን የታዳጊዎች ዋንጫ ያነሣችው 2 ጊዜ፣ በ2001 እና በ2007 ብቻ ነው። በዓለም 5፣ በአህጉር 2። የአዋቂዎች ቡድን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ መዝገብ እንቆቅልሽ በሆነ ነበር።

እንቆቅልሹ የሚፈታው የታዳጊ ቡድን ምን እንደሆነ ስናስታውስ ነው። የአዋቂዎች ቡድን ይቀጥላል፤ አንዱ ሲያረጅ ሌላው ይተካዋል፣ ልምድ ከመልበሻ ክፍል ወደ መልበሻ ክፍል ይወረሳል። የታዳጊ ቡድን ግን በየውድድሩ ይፈርሳል፤ ዋንጫ ያነሡት ልጆች አድገው ይሄዳሉ፣ አዲሱ አሰልጣኝ ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ «ናይጄሪያ 5 ጊዜ አሸነፈች» ስንል እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ 5 የተለያዩ ቡድኖችን ነው የምንቆጥረው። ማጣሪያው ደግሞ አጭርና ጨካኝ ነው። ገና ያልተዋሐደ ቡድን በሁለት ጨዋታ ወይም በአንድ የቀጠና ውድድር ዕጣው ይወሰናል፤ ውድድሩ በየሁለት ዓመቱ በነበረበት ጊዜ አንድ መጥፎ ከሰዓት በኋላ ሁለት ዓመት ያስከፍል ነበር። ማጣሪያውን ያለፈ ቡድን ግን ከዓለም ዋንጫው በፊት ረዥም የካምፕ ጊዜ ያገኛል፤ የናይጄሪያ ጉልበት እዚያ ላይ ነው። ከሰፊው አገር ልጆችን በብዛት ጠርቶ፣ እየጣሉ እያነሡ አጣርቶ፣ ለወራት አብሮ ማኖርና ማጫወት የቆየ ልማዷ ነው። የአውሮፓ ታዳጊዎች በክለብ አካዳሚ ውለው ብሔራዊ ቡድናቸውን የሚያገኙት ለጥቂት ቀናት ነው። ናይጄሪያዊዎቹ ግን ለዓለም ዋንጫ ሲመጡ እንደ አንድ ክለብ ሆነው ነው። የ2013ቱ ቡድን በምድቡ ሜክሲኮን 6 ለ 1 ሲያሸንፍ ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ኬሌቺ ኢሄናቾ ብቻውን 4 አስቆጠረ፤ ነገር ግን አብዛኛው ግብ የመጣው ቀና ብሎ ሳያይ ጓደኛው የት እንዳለ ከሚያውቅ ተጫዋች ነበር።

እሺ፣ ዕድሜውስ? ጥርጣሬው ከሜዳ ወሬ ያለፈ ነው። ፊፋ ናይጄሪያን ከማንኛውም የታዳጊና የወጣት ውድድር ለሁለት ዓመት አግዷት ያውቃል። ምክንያቱም በ1988 ኦሎምፒክ የተሰለፉ ሦስት ተጫዋቾች ያስመዘገቡት የልደት ቀን ቀደም ባሉ ውድድሮች ካስመዘገቡት የተለየ ሆኖ መገኘቱ ነው። በዚያ ቅጣት የ1991ዱን የወጣቶች ዓለም ዋንጫ የማዘጋጀት ዕድሏንም አጣች፤ ውድድሩ ወደ ፖርቱጋል ተዛወረ። ጥርጣሬው በአፍሪካ ብቻም አልቀረም። በ1989 ስኮትላንድ ላይ ሳዑዲ ዓረቢያ አስተናጋጇን አገር በፍጻሜው አሸንፋ ዋንጫ ስትወስድ፣ ስኮትላንዳውያን የተጋጣሚዎቻቸውን ቁመናና ጢም እያነሡ ዛሬም ድረስ ያማርራሉ።

በጢም ግን ዕድሜ አይለካም። በሰነድም መለካት አስቸጋሪ የሚሆንባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። ሕፃን በተወለደ በሳምንቱ የልደት የምስክር ወረቀት በማይወጣበት አገር፣ ወረቀቱ የሚዘጋጀው ለትምህርት ቤት ወይም ለፓስፖርት ሲፈለግ ነው፤ ቀኑም እናት ከምታስታውሰው፣ አንዳንዴም ከሚያመቸው ይጻፋል። በናይጄሪያ ሰነድ የሌለው ሰው ስለ ዕድሜው በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ ሰጥቶ ማረጋገጫ የማውጣት የቆየ አሠራር አለ። እኛም ከዚህ ሩቅ አይደለንም፤ እንዲያውም አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለብን፣ የዘመን አቆጣጠራችን። ለ2015ቱ የታዳጊዎች ዓለም ዋንጫ የተፈቀደው በጃንዋሪ 1 ቀን 1998 ወይም ከዚያ በኋላ ለተወለደ ነበር። ይህ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው። ታኅሣሥ 22 የተወለደ ልጅ አይገባም፤ በማግስቱ የተወለደው ይገባል። አሁን የልደት ዓመቱ «1990» ተብሎ ብቻ የተጻፈለትን ልጅ አስቡት። ፎርሙን የሚሞላው ሰው 7 ቢደምር 1997፣ 8 ቢደምር 1998 ይሆናል። በመስከረም የተወለደው ትክክለኛ ድምሩ 7፣ በየካቲት የተወለደው 8 ነው። ወሩ ከጠፋ ግን ማንም ሳይዋሽ፣ በአንድ የድምር ስሕተት ልጁ ከመስመሩ ወዲህ ወይም ወዲያ ይወድቃል። የሚዋሽ ሲጨመርበትማ ነገሩ የባሰ ነው።

ስለዚህ ፊፋ ወረቀቱን ትቶ ወደ አጥንት ዞረ።

የልጅ ክንድ የሚያድገው ከአጥንቱ ጫፍ አጠገብ ባለ ስስ የልም አጥንት ንጣፍ በኩል ነው። በአውራ ጣት በኩል ያለው ራዲየስ የሚባለው የክንድ አጥንት፣ እጅ አንጓው አጠገብ እንዲህ ያለ ንጣፍ አለው። ልጁ ሲጎረምስ ንጣፉ ቀስ በቀስ ወደ አጥንትነት ይለወጣል፤ በመጨረሻ ጫፉና ግንዱ ገጥመው አንድ ይሆናሉ፣ ስንጥቁም ይጠፋል። ይህን በኤክስሬይ ማየት ይቻላል፤ ነገር ግን ጤነኛ ልጅን ለጨዋታ ሲባል ለጨረር ማጋለጥ ተገቢ አይደለም። ኤም.አር.አይ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ በመሆኑ ይህ ጣጣ የለበትም። በፊፋ ዋና ሐኪም በዪርዢ ድቮዣክ የተመራ ቡድን በስዊዘርላንድ፣ በማሌዢያ፣ በአልጄሪያና በአርጀንቲና ዕድሜያቸው በትክክል የሚታወቅ ከ14 እስከ 19 ዓመት የሆኑ 496 ወንድ ተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በዚህ መሣሪያ አነሣ። አጥንቱ የገጠመበትን መጠን ከ1 እስከ 6 በደረጃ ከፋፈሉት፤ 6 ማለት ሙሉ በሙሉ ገጥሟል ማለት ነው። ገና 17 ያልሞላቸው ሆነው ደረጃ 6 ላይ የተገኙት ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። ደንቡ የተሠራው በዚህ ላይ ነው፤ ደረጃ 6 ላይ የተገኘ አይጫወትም፣ ከዚያ በታች ያለው ይጫወታል። ምርመራው በዓለም ዋንጫው ላይ በሥራ የዋለው በ2009፣ ናይጄሪያ ራሷ ባዘጋጀችው ውድድር ነበር። በዋዜማው በርካታ ናይጄሪያውያን ተጫዋቾች ከቡድኑ ተቀነሱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ምርመራው ዕድሜ አይናገርም። «ይህ ልጅ 16 ዓመት ከ4 ወር ነው» ብሎ የሚያወጣው ወረቀት የለም። የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ አጥንቱ ገጥሟል ወይስ አልገጠመም? በ18፣ በ19 ዓመታቸውም አጥንታቸው ሙሉ በሙሉ ያልገጠመ ወጣቶች አሉ፤ እነዚህ በሰላም ያልፋሉ። ስለዚህ መውደቅ ጠንካራ ማስረጃ ነው፣ ማለፍ ግን ደካማ። ወንፊቱ ሆን ተብሎ የሰፋ ነው፤ ዓላማው ንጹሑን ልጅ ላለመጉዳት ነው፣ ዋጋው ደግሞ አንዳንድ ትልልቅ ልጆች ሾልከው ማለፋቸው። ለሴት ታዳጊዎችም አይሠራም፤ የሴት ልጅ አጥንት ቀድሞ ይገጥማልና። ከ20 ዓመት በታች ውድድር ላይም ጥቅም የለውም፤ በዚያ ዕድሜ የብዙው ሰው አጥንት ገጥሞ አልቋል።

ቁጥሩን እንዴት እንደምናነብ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በጃንዋሪ 2023 በሳሙኤል ኤቶ የሚመራው የካሜሩን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከ17 ዓመት በታች ቡድኑን ለቀጠና ማጣሪያ ከመላኩ በፊት አስመረመረ፤ ከ30 ተጫዋቾች 21ዱ ወደቁ። ሠላሳውም በእርግጥ ከ17 ዓመት በታች ቢሆኑ ኖሮ የሚወድቀው አንድ፣ ወይም ማንም፣ ነበር። አንድ ልጅ ቢወድቅ «ሰውነቱ ቀድሞ ጎልምሶ ይሆናል» ማለት ይቻላል፤ 21 ሲወድቁ ግን ይህ ማመካኛ አይሠራም። ናይጄሪያም በ2016 ከኒጀር ጋር ከሚደረገው ማጣሪያ በፊት 26 ተጫዋቾች በምርመራ ወድቀውባታል። ቡድኑ በጥድፊያ እንደገና ተሰብስቦ ተጫወተ፤ ኒጀርም አሸንፋ አስቀረችው። የሁለት ተከታታይ ዋንጫ ባለቤት በ2017ቱ ውድድር ሳይታይ ቀረ።

እንግዲህ መዝገቡን በምርመራው ከፍለን እንየው። ከ5ቱ ዋንጫዎች 3ቱ፣ የ1985፣ የ1993 እና የ2007ቱ፣ ከምርመራው በፊት ናቸው። 2ቱ፣ የ2013 እና የ2015ቱ፣ ከምርመራው በኋላ የመጡ ናቸው። «ሁሉም በማጭበርበር ነው» የሚለው ሰው ለእነዚህ ለሁለቱ መልስ ያስፈልገዋል፤ ያውም የ2013ቱ ከሁሉም የበለጠ ያማረ ጨዋታ የታየበት ነው። «ሁሉም ንጹሕ ነው» የሚለውም ለእገዳውና ለ26ቱ መልስ ያስፈልገዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ዕድሜ ውጤቱን አግዟል፣ ነገር ግን አልሠራውም። ዕድሜ ማጭበርበር በናይጄሪያ ብቻ የታየ ቢሆን ኖሮ ዋንጫውን ማስረዳት በቻለ ነበር፤ ተመሳሳይ ክስ የቀረበባቸው ብዙ አገሮች ግን አንድም ዋንጫ የላቸውም።

ከማጭበርበሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ከዋንጫው በኋላ የሚመጣው ነው። ታዳጊ ቡድን የሚቋቋመው ዋንጫ ለመደርደር ሳይሆን ተጫዋች ለማፍራት ነውና ትክክለኛው ፈተና ይህ ነው። በዚህ መለኪያ የ1993ቱ ትውልድ አቻ የለውም። ንዋንኮ ካኑ፣ ሴለስቲን ባባያሮና ዊልሰን ኦሩማ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ ብራዚልንና አርጀንቲናን አሸንፎ ወርቅ በወሰደው ቡድን ውስጥ ነበሩ። የ2007ቱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የዚያ ውድድር ኮከብ ግብ አግቢ ናይጄሪያዊው ማኮሌይ ክሪሳንተስ፣ ኮከብ ተጫዋቹ ጀርመናዊው ቶኒ ክሮስ ነበሩ። ክሮስ ከሰባት ዓመት በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ክሪሳንተስ ከክለብ ክለብ፣ ከአገር አገር ሲዘዋወር ኖረ። በ2009ም ኮከብ ተጫዋች የተባለው ሳኒ ኢማኑኤል ነበር፤ ዛሬ ስሙ የሚታወቀው ግን የተሸናፊው ሳይሆን የአሸናፊው የስዊዘርላንድ ቡድን አባል ግራኒት ዣካ ነው።

የ2015ቱ ቡድን ሁለቱንም ገጽ በአንድ ላይ ያሳያል። አሰልጣኙ በአትላንታው ፍጻሜ የማሸነፊያዋን ግብ ያስቆጠረው ኢማኑኤል አሙኒኬ ነበር። ኮከብ ተጫዋች የተባለው አምበሉ ኬሌቺ ንዋካሊ ወደ አርሰናል ሄደ፤ ለዋናው ቡድን አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ለቀቀ። በ10 ግብ የውድድሩን ክብረ ወሰን የሰበረው ቪክቶር ኦሲሜን ግን መንገዱ በቮልፍስቡርግ አልሳካ ሲለው በቤልጅየሙ ሻርለሯ በኩል ዞሮ፣ በሊል አልፎ፣ ናፖሊን ከ33 ዓመት በኋላ የጣሊያን ሻምፒዮን አደረገ፤ በ2023ም የአፍሪካ ኮከብ ተባለ። በ16 ዓመት ማን ትልቅ ተጫዋች እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ከዚህ በላይ ማሳያ አያስፈልግም። በዚያ ዕድሜ ሜዳ ላይ የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ነው፤ ቀድሞ የጎለመሰው ይሮጣል፣ ይገፋል፣ ያገባል። ሌሎቹ በ20 ዓመታቸው ሲደርሱበት ብልጫው ይተናል። ዕድሜውን የቀነሰ ልጅማ ይህ ብልጫው የሚተነው ከሁሉም ፈጥኖ ነው፤ ክለቡ 18 ነው ብሎ የገዛው ተጫዋች ማደግ ያለበትን አድጎ ጨርሷል። ማጭበርበሩ በመጨረሻ የሚበላው ሌላውን ቡድን ሳይሆን የራስን አገር ነው፤ እውነተኛው የ16 ዓመት ልጅ ቤቱ ቀርቷልና።

የኢትዮጵያ ታሪክ በዚህ ዘርፍ አጭር ነው። በ2001 የአፍሪካን የወጣቶች ዋንጫ አዘጋጅተን አራተኛ ወጣን፤ በዚያው ዓመት አርጀንቲና ላይ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ተካፍለን ከኮስታሪካ፣ ከሆላንድና ከኢኳዶር ጋር ተመድበን ሦስቱንም ተሸነፍን። እስካሁን በዓለም መድረክ የታየው የወጣት ቡድናችን ያ ነው።

ወደ ናይጄሪያ ስንመለስ፣ በ2023 አልጄሪያ ላይ የተደረገውን የአፍሪካ ታዳጊዎች ዋንጫ ያየ ሰው አግዳሚ ወንበሩ ላይ አንድ የቆየ ፊት አግኝቷል። አሰልጣኙ ንዱካ ኡግባዴ፣ የ1985ቱ አምበል ነበር። ቡድኑ በሩብ ፍጻሜ በቡርኪና ፋሶ 2 ለ 1 ተሸንፎ ከዓለም ዋንጫው ቀረ። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ የውድድሩ መልክ ራሱ ተለወጠ። ቀድሞ በየሁለት ዓመቱ ስለነበር በመካከለኛው ዓመት የተወለዱ ልጆች ዕድለ ቢስ ነበሩ። በ1997 የተወለደ ታዳጊ በ2015 ዕድሜው አልፎበታል፤ በ2013 ሊጫወት የሚችለው በአንድ ዓመት ከሚበልጡት ጋር ተጋፍቶ ነበር። አሁን ውድድሩ በየዓመቱ ኳታር ላይ ይካሄዳል፣ እያንዳንዱ የልደት ዓመት የራሱ ዋንጫ አለው፤ ተሳታፊዎቹም ከ24 ወደ 48 አድገዋል፣ የአፍሪካ ድርሻ 10 ቡድን ሆኗል። በአዲሱ መልክ መጀመሪያ በተካሄደው የ2025ቱ ውድድር ከ10ሩ መካከል ናይጄሪያ አልነበረችም፤ ለአፍሪካ ዋንጫው የሚያበቃውን የምዕራብ አፍሪካ ማጣሪያ እንኳ አላለፈችም።